«ተመስገን» እላለሁ፣ ልቤ ግን የለበትም፤ ልተወው ወይስ ልቀጥል?

ይህን ጥያቄ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. የለጠፍኩት እኔ ነኝ። እስከ ኅዳር አጋማሽ 38 መልስ ደርሶታል። ክሩ ስለረዘመና ዘግይተው የገቡ ሰዎች ከየት ልጀምር ስላሉኝ፣ ማን ምን እንዳለ በራሴ አነጋገር ከዚህ በታች አስፍሬዋለሁ። የሰዎቹን ቃል እንዳለ አልገለበጥኩም፤ አንዳንዶቹ የጓዳቸውን ጉዳይ ነው የጻፉት።

መነሻው ጽሑፍ

የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፣ የሁለት ልጆች እናት። የምንኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። ባለፈው ክረምት ፍልሰታን እንደ ልጅነቴ ልጹም ብዬ የዓመት ፈቃዴን ከነሐሴ 1 እስከ 16 ወሰድኩ። ጠዋት የውዳሴ ማርያም ትርጓሜ እሰማለሁ፣ ከሰዓት አስቀድሳለሁ፣ ማታ ከልጆቼ ጋር ቆሎና ዳቦ ቀምሰን እንተኛለን። ልጆቼ ቆረቡ። በነዚያ ቀናት እንባዬ ቅርብ ነበር፤ ከሰው ጋር ያጣላኝ ነገር ሁሉ ትንሽ ሆኖ ታየኝ።

መስከረም ሲገባ የትምህርት ቤት ክፍያ መጣ፣ ደብተርና ዩኒፎርም መጣ፣ የ12 ሰዓት የታክሲ ሰልፍ ተመለሰ። አንድ ማክሰኞ ከቤት ወጥቼ ቢሮ በር እስክደርስ አራት ሰው እንዴት አደርሽ አለኝ፣ ለአራቱም ተመስገን አልኩ። አምስተኛዋ በር ላይ የምትፈትሸው ልጅ ነበረች። ሌሊቱን ከባለቤቴ ጋር በገንዘብ ተጨቃጭቀን ጀርባ ለጀርባ ሆነን ነበር ያደርነው። ለእሷም ያንኑ ልል አፌን ስከፍት ቃሉ ውሸት መሰለኝ፤ ደህና ነኝ ብያት አለፍኩ። ያም ውሸት ነበር፤ ግን እግዚአብሔርን አላስገባሁበትም ብዬ ተጽናናሁ።

ከዚያ ወዲህ የዘወትር ጸሎቱም እንዲሁ ሆነብኝ። አፌ ይደግማል፣ ሐሳቤ የወሩን ወጪ ይደምራል። የማይሰማኝን ቃል መናገር ግብዝነት ነው? እስኪሰማኝ ድረስ ልተወው? ወይስ እምነት ማለት ይኸው ደረቁ ነው?

መልስ 1። የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣት ነው። በትልቅ ትሕትና፣ ከሁሉ አስቀድሜ የንስሐ አባቴን እንዳነጋግር መከረኝ። ትክክል ነበር። ከፋሲካ ወዲህ ፊታቸውን አለማየቴን ለማመን አፍሬ ያኔ ሳልመልስለት ቀረሁ።

መልስ 2። ከሐዋሳ የጻፈችልኝ እህት እሷም እንደኔው መሆኗን ነገረችኝ። በነሐሴ ማንም ሳይቀሰቅሳት ከሌሊቱ 10 ሰዓት ትነሣ ነበር፤ አሁን የስልኳን ደወል እያጠፋች ተመልሳ ትተኛለች። ምክር አልጨመረችም። ለዚያ ምሽት የሷ መልስ በቅቶኝ ነበር።

መልስ 3። ይህን ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ፍልሰታን አቅልሎ የሚያሳልፈን ምን እንደሆነ በዝርዝር አሳየኝ። ሰፈሩ በሙሉ ይጾማል፣ ሕፃናት ሳይቀሩ ይጾማሉ፤ ቅዳሴው ከሰዓት ስለሆነ የምሳ ሐሳብ የለም፤ የሚሰማው ወሬ፣ የሚታየው ነጭ ልብስ፣ ሁሉም ወደ አንድ በር ይስባል። ነሐሴ 16 ሲፈታ ሰው ሁሉ ወደየቤቱ ይበተናል። እንደሱ አመለካከት ያጣሁት እምነቴን አልነበረም፤ ተሸክመውኝ የነበሩት ሰዎች ናቸው ቤታቸው የገቡት። ስለዚህ በብቸኝነት ከመታገል ይልቅ በወር አንድ ቀን እንኳ ከሰው ጋር የምቆምበትን ነገር እንድፈልግ፣ ለምሳሌ ጽዋ ማኅበር እንድገባ ሐሳብ አቀረበ።

መልስ 4 የ3ኛውን አንድ ነገር አረመ፦ በጾም የሚቀደሰው ከሰዓት የሚሆነው በአዘቦት ቀን ነው፤ ቅዳሜና እሑድ ግን ጠዋት ነው። መልስ 5 ላይ 3ኛው ተመልሶ እርማቱን ተቀበለ፣ አመሰገነም።

መልስ 6። ጽዋ የሚለው ቃል ያላሰብኩትን ቁስል ነካ። ጸሐፊዋ ከማኅበሯ የወጣችበትን ምክንያት ተረከች። መጀመሪያ ዳቦና ጠላ የነበረው ድግስ በየዙሩ አንድ ወጥ እየጨመረ ሄዶ፣ ተራዋ ሲደርስ ከአንድ ወር ደመወዟ በላይ የሚጠይቅ ሆነ። ሁለት ጊዜ ተበድራ ደገሰች። በሦስተኛው ታምሜአለሁ ብላ ቀረች፣ ከዚያ ወዲያ አልተመለሰችም። ቅዱሱን ለማክበር ገብታ ጎረቤት ስትፈራ መገኘቷን ጻፈች።

መልስ 7 እና 8። 7ኛው የእነሱ ማኅበር ይህንኑ አይቶ ከዳቦና ጠላ በቀር ምንም እንዳይቀርብ ወስኖ ሕግ እንዳወጣ፣ ሕጉን ለመጣስ የሞከሩት ደግሞ ከሁሉ ባለጸጎቹ እንደነበሩ አስረዳ። 8ኛው ግን 6ኛዋን ወቀሳት፤ ሳትናገር ከመቅረት ለሙሴው፣ ለማኅበሩ መሪ፣ ወይም ለማኅበርተኞቹ እውነቱን ብትናገር ይሻል ነበር ባይ ነው። እኔ በዚህ አልስማማም። የለኝም ብሎ በሰው ፊት መናገር ምን ያህል እንደሚከብድ ያልደረሰበት ሰው ያቀልለዋል።

መልስ 9። ጸሐፊው ፕሮቴስታንት መሆኑን አስቀድሞ ገለጸ፤ ቦታው ካልሆነ ይቅርታ እንዲደረግለትም ጠየቀ። በእነሱም ዘንድ ያው እንደሆነ ነው የነገረኝ። ከትልቅ ኮንፈረንስ በኋላ ልቡ ተቃጥሎ ይመለሳል፤ ሦስተኛው ሳምንት ላይ የጥሞና ጊዜው አምስት ደቂቃ፣ ቀጥሎ ዜሮ ይሆናል። የረዳው ነገር ቢኖር፣ ማታ ከመተኛቱ በፊት በዚያ ቀን ያገኛቸውን ሦስት ትንንሽ ነገሮች ስማቸውን ጠርቶ ማመስገኑ ነው። ስለ ሁሉ ነገር ተመስገን ሲል ምንም እንደማይታየው፣ ስለ ሞቀው ሻይ ሲል ግን ሻዩ እንደሚታየው ገለጸልኝ።

መልስ 10 እስከ 14። የሚያሳዝነው የክሩ ክፍል ይህ ነው። 10ኛው በ9ኛው ላይ ተነሣ፤ ጾም የማይጾም ሰው ስለ ጾመኞች ምን አገባው በሚል መንፈስ። 11ኛው ከዚያኛው ወገን ሆኖ በእጥፍ መለሰ፣ ነገሩን እስከ ማርያም ክብር አደረሰው። 12 እና 13ን አወያዩ ስላጠፋቸው ቁጥራቸው እንጂ ጽሑፋቸው የለም። በ14 አወያዩ ራሱ ገብቶ ክሩን እንደሚዘጋ አስጠነቀቀ። በዚያ ሁሉ ጭቅጭቅ መካከል ጥያቄዬን በጥንቃቄ አንብቦ የመለሰው ያ የተሰደበው ሰው መሆኑ አሳፍሮኛል። ከዚያ ቀን ወዲህ አልጻፈም። ወንድሜ፣ ይህን ካነበብክ፣ ሻዩን ሞክሬዋለሁ።

መልስ 15። ክሩን ያዞሩት እሳቸው ናቸው። ዕድሜያቸውን ቅኔ ቤትና መምህርነት ላይ ያሳለፉ አባት ናቸው፤ ከሳቸው በኋላ የጻፈው ሁሉ የኔታ እያለ ነው የጠራቸው። ስለ ስሜቴ አንድ ቃል አልተናገሩም። የቃሉን እርባታ ነው ያስተማሩኝ።

«እግዚአብሔር ይመስገን» ሲባል ስለ እግዚአብሔር ለሰው መናገር ነው፤ ሦስተኛ መደብ ነውና። «ተመስገን» ግን ሁለተኛ መደብ ነው፤ አንተ ተመስገን ማለት። የጠየቀችኝ ሴት ብትሆን እንኳ ተመስገኚ አልላትም። ስለዚህ እንዴት አደርሽ ስባል ተመስገን የምለው ለጠያቂዋ አይደለም። ለአፍታ ከሷ ፊቴን መልሼ ከፈጣሪ ጋር እነጋገርና እመለሳለሁ። በዚህ ምክንያት፣ አሉ የኔታ፣ ቃሉ የልቤን ሁኔታ የሚያስታውቅ ዘገባ ስላልሆነ ውሸት ሊሆን አይችልም። ጸሎት ነው፤ ማረን የሚል ሰው ያ ቃል ውሸት እንዳይሆንበት አስቀድሞ እንባ ማፍሰስ እንደማይጠበቅበት ሁሉ። አራት ሰው ጠይቆኝ አራት ጊዜ ብዬ ከሆነ፣ ከኮዬ ፈጬ እስከ ቢሮ አራት ጊዜ ጸልያለሁ ማለት ነው፤ ሳላውቀው። የሚቀረኝ ማወቁ ብቻ እንደሆነ ነግረውኝ ሰላምታ ሰጥተው አበቁ።

ይህን ያነበብኩት ታክሲ ውስጥ ነው። 30 ዓመት ሙሉ በአፌ የኖረ ቃል ወደ ማን እንደሚሄድ አላውቅም ነበር።

መልስ 16። በአክብሮት ሆኖ የኔታን ጠየቃቸው፦ ሰዋስው የደረቀ ልብ ያርሳል ወይ? የኔታ አልመለሱለትም። ጥያቄው ግን ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ እስከ መጨረሻው አብሮን ቆይቷል።

መልስ 17። የክሩ ስለታም መልስ። ወጣት ወንድ ነው፣ አዲስ አበባ ተከራይ። ደመወዙ ወር በገባ በ18ኛው ቀን እንደሚያልቅ፣ አከራዩ በዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ እንደጨመሩበት፣ እናቱን የሚያስታምመውም እሱ ብቻ እንደሆነ ዘረዘረ። ይህን ለሰው በተናገረ ቁጥር የሚሰጠው መልስ ተመስገን በል፣ ከአንተ የባሰም አለ የሚል ነው። ንግግሩ ከዚህ በኋላ ከረረ። ባለው መርካት የሚባለው ትምህርት ለጠገበ ሰው የተመቸ ስብከት፣ ለተራበው ደግሞ አፍ መዝጊያ ነው አለ። በኔም ላይ አልራራም፤ የዓመት ፈቃድ ወስዶ 16 ቀን ማልቀስ የሚችል ሰው ስለ ደረቅ እምነት ማውራት እንደማይገባው ጻፈ።

ተናድጄ ነበር። ሁለት መልስ ጽፌ ሁለቱንም ሳልለጥፍ አጠፋሁ።

መልስ 18 እና 19። ሁለቱም በእስራኤል ማጉረምረም አስፈራሩት፤ በምድረ በዳ ያጉረመረሙት ከነዓን እንዳልገቡ አስታወሱት። ለተከራየው ቤትም ሆነ ለታመሙት እናቱ አንድ ቃል አልነበራቸውም። ልጁ የከሰሰው ይህንኑ ነበር።

መልስ 20። ጎንደር ያሉ ጡረተኛ ነርስ እናት ናቸው። ለልጁ ልጄ እያሉ ነው የጻፉለት፤ መጀመሪያ የእናቱን ሕመም ጠየቁ፣ መድኃኒቱን፣ ምግቡን፣ ማን እንደሚያጥባቸው። ከዚያ ወደ ጳውሎስ ሄዱ። የምኖርበት ኑሮ ይበቃኛል ማለትን ተምሬአለሁ ያለው ሐዋርያ ያን ለፊልጵስዩስ ሰዎች ሲጽፍ እስረኛ ነበር። ተምሬአለሁ ማለቱን ልብ እንድንለው አሳሰቡ፤ አብሮት የተወለደ አልነበረም። ደግሞም ያ ክፍል ራሱ የምስጋና ደብዳቤ ነው፤ ሰዎቹ የሚያስፈልገውን ልከውለት ነበር፣ በመከራው ስለተካፈሉትም መልካም አደረጋችሁ ብሎ ያመሰግናቸዋል። ይበቃኛል ያለው ሰው የተላከለትን አልመለሰም፤ የላኩትም ይበቃዋል ብለው አልተቀመጡም።

ቀጥለው ያሉት ነገር ከኔ አልወጣ ብሏል። ይበቃኛል በአንደኛ መደብ ሲነገር እምነት ነው። ይበቃሃል ተብሎ ወደ ሌላው ሲዞር ግን ቃሉ ያው ሆኖ ሌላ ነገር ይሆናል። ማንም ሰው በሌላው ሆድ ይበቃል ሊል አልተፈቀደለትም። ያዕቆብም በመልእክቱ የተራቆተውን በደህና ሂድ፣ ሙቅ፣ ጥገብ ብሎ ባዶ እጁን የሚሰድደውን ሰው ምን ይጠቅመዋል ብሎ የጠየቀው ለዚህ እንደሆነ አከሉ። ልጁ እንዲናገር፣ እንዲከራከር፣ የሚገባውን እንዲጠይቅ፤ ከዚያም ማታ በራሱ አፍ ለራሱ ይበቃኛል ማለት ከቻለ እንዲል፣ ካልቻለም ማንም እንዳይለው ጻፉለት።

መልስ 21 ላይ 17ኛው በአንድ መስመር ብቻ መለሰ። እናቱን የጠየቀለት ሰው ሲያገኝ ይህ በዚህ ወር የመጀመሪያው መሆኑን።

መልስ 22። ከኔ ነው። ፈቃድ መውሰድ መቻሌ በረከት መሆኑን አምኜ ይቅርታ ጠየቅኩት።

መልስ 23። ከሪያድ የመጣ ነው፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተኩል። ጸሐፊዋ በሰው ቤት ሠራተኛ ናት፤ ስልክ የምትይዘው ማዳሟ ከተኛች በኋላ ነው። በአገሩ ቤተ ክርስቲያን የለም። ማተቧን ከሄደች ጀምሮ በአንገቷ አላሰረችም፤ ሻንጣዋ ውስጥ በጨርቅ ተጠቅልሎ አለ። ረቡዕና ዓርብ ዳቦ በሻይና ቴምር ትበላለች፣ ስትጠየቅ ሆዴን ያመኛል ትላለች። መቁጠሪያ መያዝ ስለማትችል በካውያው ነው የምትቆጥረው፤ አንድ እጅጌ በተኮሰች ቁጥር አንድ ኪርያላይሶን፤ 41 ሲሞላ ታርፋለች። ሸሚዞቹ ካላለቁ ደግማ ትጀምራለች። ብዙ ቀን ምንም አይሰማትም፣ እጇ ይደነዝዛል፣ እንቅልፏ ይመጣል። ቢሆንም ያ ቁጥር የተቋረጠ ዕለት ማን እንደሆነች ይጠፋታል። የሚሰማኝ ምንድን ነው ብላ ለመጠየቅ ጊዜ አግኝታ አታውቅም። እንደኔ ያለ ጥያቄ መጠየቅ መቻል እንደሚያስቀናት ያለ ምንም ምሬት ነገረችኝ፤ ስሜን ባታውቅም እህቴ ብላ ተሰናበተችኝ።

ከሷ በኋላ ለአንድ ቀን ተኩል ማንም አልጻፈም።

መልስ 24 እስከ 29። ከዚያ በኋላ ክሩ ወደ ምግብ ዞረ። አንዱ በየካፌው ስለሚሸጠው የጾም በርገርና የጾም ኬክ አነሣ፤ ጾም ከሥጋ ወደ ሥጋ መሳይ መዛወር ሆኗል የሚል ቅሬታ ነው። ሌላው፣ ልጆች ይዞ ለሚጾም ቤተሰብ ኬኩ ምን ይጎዳል አለ። ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው የዘወትር ክርክር ሁለት መልስ ወሰደ፣ እንደወትሮው ሳይቋጭ ቀረ። 29ኛዋ የሽሮ እህሏን እንዴት እንደምታዘጋጅ በዝርዝር ጻፈች፤ ከጉዳያችን ጋር ባይገናኝም አብሽ የምታስገባበትን መጠን ቀድቼዋለሁ።

መልስ 30። የነገረ መለኮት ተማሪ የሆነ ዲያቆን ወደ ጉዳያችን መለሰን። የ16ኛውን ጥያቄ አስታውሶ፣ ይህ ድርቀት አዲስ በሽታ አለመሆኑን አስረዳ። በእኛ ቁጥር 90ኛው መዝሙር የቀትር ጋኔን የሚለውን፣ በ4ኛው መቶ ዘመን በግብፅ በረሃ የነበሩ መነኮሳት በዚህ መሰላቸት ተርጉመውታል። ከነሱ አንዱ፣ ኤቫግሪዮስ፣ መነኩሴው ምን እንደሚሆን ሲገልጽ፣ ፀሐይዋ የቆመች ይመስለዋል፣ ቀኑ 50 ሰዓት ይሆንበታል፣ 9 ሰዓት ስንት ቀረው እያለ በመስኮት ያያል፣ ከዚያም ሌላ ቦታ ብሄድ ይሻለኝ ነበር ይላል። እኔ ቢሮ ውስጥ ሆኜ በዓርብ ጾም ሰዓቴን የማይበትን መስኮት ያየ ሰው መሰለኝ። መድኃኒቱም አጭር ነው፤ ከበዓትህ፣ ማለትም ከምትኖርባት ጠባብ ማደሪያ፣ አትውጣ። ለእኛ በዓታችን ታክሲው፣ ማድቤቱና ቢሮው እንደሆነ ዲያቆኑ አከለበት።

መልስ 31 ዲያቆኑን በብርቱ ተቃወመ፤ ኤቫግሪዮስ በኋላ በአንዳንድ ትምህርቱ ስለተነቀፈ ለምእመን መጥቀሱ አይገባም ሲል። መልስ 32 መሐል ገባ፦ ከሩቅ መሄድ ለምን አስፈለገ፣ በገዛ ቤታችን ማር ይስሐቅ፣ ፊልክስዩስና አረጋዊ መንፈሳዊ፣ ሦስቱ መጻሕፍተ መነኮሳት አሉልን፤ ስለዚሁ ድካም በሰፊው ያስተምራሉ። ዲያቆኑ ሁለቱንም አመስግኖ አለፈ። ትዕግሥቱን ወደድኩለት።

መልስ 33። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ ሹፌር ነው። የሪያዷን እህት መልስ መኪናው ውስጥ አንብቦ ማልቀሱን ነገረን፤ ግን ምሳሌነቷን ለራሱ ሊወስደው አልፈለገም። አሜሪካ በገባ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሁለት ሥራ ይሠራ ነበር። ቅዳሴውን በስልኩ ከፍቶ ይነዳል፣ መዝሙሩን ይሰማል፣ እምነቱን የጠበቀ ይመስለው ነበር። አንድ ቀን ሲያሰላው አራት ዓመት አልቆረበም፤ ቤተ ክርስቲያኑ ደግሞ ከቤቱ የ20 ደቂቃ መንገድ ነው። እሷ በካውያ የምትቆጥረው በር ስለተዘጋባት ነው፤ እሱ ግን በተከፈተ በር ደጅ ቆሞ ነበር። ስለዚህ በየመንገዱ የምንላት አጭር ጸሎት ትልቁን እንዳትተካብን ተጠንቀቁ አለ። ይህን ቃል ለኔ እንደተጻፈ ነው የተቀበልኩት፤ የኔታ አራት ጊዜ ጸልየሻል ካሉኝ በኋላ ትንሽ ተመችቶኝ ነበርና።

መልስ 34። በተከታዩ ቅዳሜ ወደ ንስሐ አባቴ መሄዴን ለሁሉም አሳወቅኩ። ያሉኝን እዚህ አልጽፍም። የሰጡኝ ግን ትንሽ ነው፤ ከምጠብቀው በጣም ያነሰ። ውዳሴ ማርያምን ሙሉውን ከማቋረጥ፣ የዕለቱን ብቻ፣ ሳይበዛ ሳይጎድል።

መልስ 35። 1ኛው ወጣት ነበር፤ ደስ እንዳለው።

መልስ 36 እና 37 እንደገና ስለ ጽዋ ነበሩ። 7ኛው የማኅበራቸውን ሕግ ለ6ኛዋ እንደላከላት፣ እሷም ከጎረቤቶቿ ሁለቱን እንዳነጋገረች ነገሩን። ምን ላይ እንደደረሱ ገና አልተጻፈም።

መልስ 38። ኅዳር 12፣ ሐሙስ፣ የሚካኤል ዕለት ማታ። 17ኛው ነው። አልተከራከረም፣ ስለ ኪራዩም አላነሣም። እናቱ ከትናንት ጀምሮ ሆስፒታል መሆናቸውን ጽፎ፣ ከሥሩ ክርስትና ስማቸውን ብቻ አስቀመጠ። የጎንደሯ እናት ወዲያው በመልእክት አግኝተውታል፤ የሪያዷም ስሙን ለካውያዋ እንደወሰደችው በልብ ምልክት አሳውቃለች።

ልጆቼን አስተኝቼ መጽሐፌን ስከፍት ዕለቱ ሐሙስ ስለነበር የሐሙሱ ውዳሴ ማርያም ነው የወጣልኝ። ስማቸውን በቁራጭ ወረቀት ጽፌ እዚያው ገጽ መካከል አኖርኩት።